ከማኮብኮቢያው ማዶ ያለችው ኢምባካሲ

የአገሬ ሰው ኢምባካሲ ላይ ያርፋል እንጂ ኢምባካሲን አያውቃትም። ከቦሌ ተነስቶ ሁለት ሰዓት ያህል ይበራል፣ ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳል፣ ፓስፖርቱን ያስመታል፣ ሻንጣውን ይዞ በሞምባሳ መንገድ ወደ መሃል ናይሮቢ ይገሰግሳል። ነጋዴው ወደ ኢስሊ፣ ለስብሰባ የመጣው ወደ ጊጊሪ፣ ዘመድ ጥየቃ የመጣው ወደ ሃርሊንግሃም ይሄዳል። የት አረፍክ ሲሉት «ናይሮቢ» ይላል። መጀመሪያ የረገጣት መሬት የራሷ ስም፣ የራሷ ሰውና ከእኛ ጋር የተጋመደ ታሪክ እንዳላት የሚነግረው የለም። ይህን የምጽፈው ለዚያ መንገደኛ ነው።

የምኖረው እዚሁ ኢምባካሲ፣ ፌዳ በሚባለው ሰፈር ነው። ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣውንም ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውንም ጭነት ከጉምሩክ አስጨርሳለሁ። ቀኔ በካርጎ መጋዘንና ማታቱ በሚባለው የሕዝብ ሚኒባስ ፌርማታ መካከል ያልቃል። ወረቀት እስኪፈረም መጠበቅ የሥራዬ ትልቁ ክፍል ስለሆነ ከሰው ጋር የማወራበት ጊዜ አላጣም። የሰፈሩን የቆየ ነገር መጠየቅ የጀመርኩት በዚያ ነው፤ ከዚያም የሰማሁትን ከመጽሐፍ ጋር ማመሳከር ለመድኩ። ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ የቆጠርኩበት ቦታ ላይ «ዓ.ም.» ብያለሁ።

ከተርሚናሉ ሆነው ወደ ሰሜን ቢያዩ የኢምባካሲ መንደር ከዓይን የራቀ አይደለም። ነገር ግን ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ማኮብኮቢያ በመካከል ተጋድሟልና መዞር ግድ ነው። ከመሃል ከተማ የሚመጣ ሰው 33 ቁጥር ማታቱ ይሳፈራል፤ 34 ቁጥሩ ወደ ተርሚናሉ ነው የሚሄደው፣ እንዳይሳሳቱ። አውተር ሪንግ ከሚባለው ሰፊ መንገድ ላይ ረዳቱ «ታጅ ሞል!» ብሎ ሲጣራ ይሰማሉ። ዙሪያውን ቢቃኙ ግን የገበያ ሕንፃ አያዩም። ሕንፃው የመንገድ ክልል ይዟል ተብሎ በ2018 መስከረም ፈርሷል። ፌርማታው ግን እስካሁን በስሙ ይጠራል፤ እንግዳ ሰው የፈረሰውን ሕንፃ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከዚያ የሚቀጥለው ጎዳና ሰሜን ኤርፖርት መንገድ ይባላል። በ1954 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የአቪዬሽን ትምህርት ቤትና የኬንያ አየር መንገድ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኙት በዚሁ በኩል ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ እነዚህ የአቪዬሽን ተቋማት ፊታቸው ወደ መንደሩ ነው፤ ዛሬ ተሳፋሪ የሚገባበትና የሚወጣበት በር ግን በማዶው፣ በደቡብ በኩል ነው። የኢምባካሲ ታሪክ የሚጀምረው ይህ ለምን ሆነ ብሎ ከመጠየቅ ነው።

መጀመሪያ ግን አፈሩን ይዩት። ኢምባካሲ በአቲ ሜዳ ጫፍ ላይ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ግድም። ዝናብ ሲጥል መንገዱ ዳር ያለው ጥቁር አፈር ጫማ ይዞ አይለቅም፣ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የእኛ ገበሬ መረሬ የሚለው ነው። መረሬ ላይ ቤት የሠራ ሰው ግድግዳው ሲሰነጠቅ ስላየ ጠባዩን ያውቀዋል፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በዚህ አፈር ላይ ከባድ አውሮፕላን የሚያሳርፍ መንገድ ለመሥራት የተለመደው መላ ይህ ነው። ጥቁሩን አፈር እስከ ድንጋዩ ድረስ ዝቆ ማውጣት፣ ጉድጓዱን በተፈጨ ድንጋይ መሙላት፣ መጠቅጠቅ። ቦታው ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ አውሮፕላን ለመነሳት ከባሕር ዳር ከተሞች የበለጠ ርቀት ይንደረደራል። ስለዚህ የሚዛቀውም አፈር በዚያው ልክ ይበዛል።

ይህን አፈር ማን ዛቀው?

በጥቅምት 1952 የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት በኬንያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። መሬታቸው የተነጠቀባቸው፣ በተለይም ኪኩዩዎች፣ ማው ማው በሚባለው እንቅስቃሴ ጠመንጃና ቆንጨራ ይዘው ጫካ ገብተው ነበር። በሚያዝያ 1954 ወታደሩ ናይሮቢን ከብቦ ሰፈር በሰፈር አሰሰ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታፍሰው ወደየካምፑ ተጋዙ። በዚያው ዘመን ናይሮቢ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ያስፈልጋት ነበር። ዓለም አቀፉ በረራ የሚያርፈው ኢስሊ ላይ ነበር፤ ዛሬ የኬንያ አየር ኃይል ሰፈር የሆነው ቦታ ማለት ነው። እየመጡ ለነበሩት ትልልቅ አውሮፕላኖች ጠበባቸው። ቅኝ ገዥው ሜዳው አለው፣ እስረኛው አለው። ኢምባካሲ ላይ እስር ቤት ተከፈተ፤ ማኮብኮቢያውን በሺህ የሚቆጠሩ የማው ማው እስረኞች በጉልበታቸው ሠሩት።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ እዚህ ሽማግሌን በክብር «ምዜ» ብለው ነው የሚጠሩት። አባታቸው ከእነዚያ እስረኞች አንዱ ነበሩ። ምዜ ከቤታቸው ጓሮ፣ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ፣ ካራይ የሚባል ሰፊ የብረት ሳህን አስቀምጠዋል። ዛሬም በየግንባታው ሲሚንቶ የሚሸከሙበት ዓይነት ነው፣ አዲስ ነገር የለውም። አንድ ቀን ዝናብ ካባራ በኋላ ያንን ካራይ ከጓሯቸው በዛቁት ጥቁር አፈር ሞልተው «አንሳው» አሉኝ። ወደ ጭንቅላቴ ለማድረስ ሁለት እጄም ወገቤም አልበቃም። ለማራገፍ ስገለብጠው ደግሞ አፈሩ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ቀረ፤ በጣቴ ፍቄ ነው ያወረድኩት። አባታቸው ይህን ከንጋት እስከ ምሽት፣ ጠባቂ ዱላ ይዞ ከኋላቸው ቆሞ፣ ይመላለሱበት እንደነበር ነገሩኝ። ድንጋዩን የሚፈልጡት ሌሎች ነበሩ፣ በረድፍ ተቀምጠው በመዶሻ። የታመመ ሰው መታመሙ እስኪታመን ድረስ ይሠራል። አባትየው ከተፈቱ በኋላ እስከ ሞቱ ድረስ አውሮፕላን ሲነሳ ቀና ብለው አያዩም ነበር ይላሉ ምዜ።

ስለዚህ ዘመን የተጻፈ አለ። አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ካሮላይን ኤልኪንስ በ2005 ያሳተመችው መጽሐፍ የእነዚያን ካምፖች ገመና ለዓለም ካሳዩት አንዱ ነው። በኋላም በሕይወት የተረፉ ሽማግሎች ለንደን ድረስ ሄደው ከሰሱ። በሰኔ 2013 የእንግሊዝ መንግሥት ማሰቃየት መፈጸሙን አምኖ ማዘኑን ገለጸ፤ ለ5,228 ሰዎች የሚሆን 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። በስምምነቱ መሠረት የተሠራው መታሰቢያ በ2015 መሃል ከተማ፣ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ ተመረቀ። መንገደኛ ጊዜ ካለው ሄዶ ይየው። እኔ ግን ትልቁ ሐውልት ራሱ ማኮብኮቢያው ነው ብዬ አምናለሁ። ጎማው መሬት ሲነካ የሚሰማዎት ንዝረት የሚመጣው በእነዚያ ሰዎች ትከሻ ላይ ከተነሳ ድንጋይ ነው።

በ1958 ገዥው ሰር ኤቭሊን ባሪንግ አዲሱን ማረፊያ መርቀው ከፈቱ። ስሙ ኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ ሆነ፤ ተርሚናሉም በሰሜን በኩል፣ በመንደሩ ወገን ነበር። ለ20 ዓመት ያህል ወደ ናይሮቢ በአየር የገባ አብዛኛው ሰው በዚህ በኩል አለፈ። በመስከረም 1959 በኬንያዊው ፖለቲከኛ በቶም ምቦያ ጥረት 81 ተማሪዎች ወደ አሜሪካ የተሸኙት ያን ጊዜ ነው። በተከታዩ ዓመት ከተላኩት መካከል ደግሞ በኋላ የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘችው ዋንጋሪ ማታይ ነበረች። እስረኛ የዛቀው ሜዳ በተከፈተ በሁለት ዓመት ውስጥ የእስረኛው ወገን ልጆች ተምረው አገር ሊረከቡ ተነሱበት። በኢምባካሲ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህንን ነው።

እዚህ ላይ እኛም እንገባለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ዘመናዊ ጄት የገዛው ከ16 ዓመት በኋላ ነው፤ ሁለት ቦይንግ 720። ያኔ የነበረው የልደታ አውሮፕላን ሜዳ ለጄት ስለማይሆን ቦሌ ተሠራ። ታዲያ በጥር 1963 አየር መንገዳችን በጄት መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር መጀመሪያ የበረረው ወዴት ነበር? ብዙ ሰው ወደ አውሮፓ ይመስለዋል፤ ፍራንክፈርት ወይም አቴንስ ብሎ ይገምታል። ወደ ናይሮቢ ነው። የኢትዮጵያ የጄት ዘመን የተከፈተው በቦሌና በኢምባካሲ መካከል ነው፤ ኬንያ ገና ነፃ ሳትወጣ፣ የነፃነት ቀኗ ሊደርስ 11 ወር ሲቀረው። ይህን ለካርጎ ባልደረቦቼ ስነግራቸው፣ ኬንያውያኑም የእኛዎቹም፣ የሚያውቀው ጥቂት ነው።

በ1964 አፄ ኃይለ ሥላሴ ኬንያን ጎበኙ። ከመሃል ናይሮቢ ትልልቅ ጎዳናዎች አንዱ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። በነሐሴ 7 ቀን 1998 በቦምብ የተመታው የአሜሪካ ኤምባሲ የነበረው በዚሁ በኃይለ ሥላሴ ጎዳናና በሞይ ጎዳና መገናኛ ላይ ነው፤ አሁን የሟቾቹ መታሰቢያ መናፈሻ ሆኗል። የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት በ1960ዎቹ በመከላከያ ውልም የታሰረ ነበር፤ የሶማሊያን የድንበር ጥያቄ ሁለቱም ይፈሩት ስለነበር። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ይዞ ያለ ቪዛ ኬንያ የሚገባበት ልማድም የዚሁ ጉርብትና ፍሬ ነው።

በ1970ዎቹ ግን ኢምባካሲ እንደገና ጠበበች። በዓለም ባንክ ብድር አዲስ ተርሚናል ተሠራ፤ የተሠራው ከማኮብኮቢያው በደቡብ በኩል፣ ወደ ሞምባሳ መንገድ ፊቱን አዙሮ ነው። በመጋቢት 1978 ፕሬዚዳንት ኬንያታ መርቀው ከፈቱት፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ሲሞቱ ማረፊያው በስማቸው ተሰየመ። አሮጌው ተርሚናል ለአየር ኃይሉ ተሰጠ። በአንድ ምረቃ መንደሩ ሁለት ነገር አጣ፤ መንገደኛውንም ስሙንም። ሻይ ቤቱ፣ የታክሲ ተራው፣ ጫማ ጠራጊው ሁሉ ፊት ለፊቱ ሲተላለፍ የነበረው ሰው በማዶ መውረድ ጀመረ። ተቋማቱ ለምን ወደ መንደሩ ዞረው እንደቆሙ አሁን ግልጽ ነው። ተርሚናሉ ሲዞር እነሱ በቦታቸው ቀሩ።

መንደሩን ለማየት የሚመጣ ሰው ብዙ የሚያስደንቅ ሕንፃ አይጠብቀው። የባቡር ጣቢያ አለ፤ ከሞምባሳ የተነሳው ሀዲድ በ1899 ናይሮቢ ሲደርስ በዚህ በኩል ነው ያለፈው። የወታደርና የፖሊስ ካምፖች አሉ፤ እነሱ ባሉበት ካሜራ ማውጣት አይገባም፣ በዚህ አደራ። በመንገዱ ዳር በቆርቆሮ የተሠሩ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ኪባንዳ ይሏቸዋል። ቻፓቲ ከባቄላ ወጥ ጋር፣ በወተት የፈላ ሻይ፣ ሥጋ ለሚበላ በከሰል የሚጠበስ፣ ሙቱራ የሚባል የተሞላ አንጀት። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ጊዜሪ የሚባል አለ፤ በቆሎና ባቄላ አብሮ የተቀቀለ፣ እንደ ንፍሮ ያለ። የሚያበስሉት እናቶች ጾመኛ ሐበሻ ለምደዋል፤ «ያለ ቅባት» ካሏቸው ይገባቸዋል።

በ2013 ነሐሴ ወር የአውሮፕላን ማረፊያው የመዳረሻ አዳራሽ በእሳት ሲወድም ለአጭር ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለባብጦ ነበር። ገቢ መንገደኛ በድንኳንና በመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ይስተናገድ ነበር። ማኮብኮቢያው ግን ብዙም ሳይቆይ ሥራ ጀመረ፤ አበባው፣ ዓሣው፣ አትክልቱ ሳይበላሽ መውጣት ስለነበረበት። የናይሮቢ ኢኮኖሚ ስንት ነገሩ በዚህ ሜዳ ላይ እንደተንጠለጠለ ያን ሰሞን ያላስተዋለ አልነበረም።

የኢምባካሲ ሕዝብ ግን አብዛኛው አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። አካባቢው ዛሬ አምስት የፓርላማ ወንበር አለው፤ ከ2013 ምርጫ ጀምሮ አንዱ ኢምባካሲ በአምስት ተከፍሏል። ዳንዶራ በዓለም ባንክ፣ ኡሞጃ በአሜሪካ ርዳታ ገንዘብ በ1970ዎቹ የተጀመሩ ሰፈሮች ናቸው፤ ለአነስተኛ ገቢ ሠራተኛ ታስበው ነበር። ንያዮ ኢምባካሲ የሚባለውን ሰፈር የሠራው የኬንያ የማኅበራዊ ዋስትና ድርጅት ነው። ሁሉንም መዘርዘር አልፈልግም። አንዷን ግን ማለፍ አይቻልም፤ እሷም ፓይፕላይን ናት።

ስሟን ያገኘችው ከሞምባሳ ነዳጅ ከሚያመጣው ቧንቧ ነው፤ ቧንቧው ሥራ የጀመረው ተርሚናሉ በዞረበት በ1978 ነው። ሰፈሯ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ፎቅ በሆኑ የኪራይ ሕንፃዎች ተሞልታለች፤ ሊፍት የላቸውም። በእያንዳንዱ ወለል በጠባብ መተላለፊያ ግራና ቀኝ አንዳንድ ክፍል ተደርድሯል፤ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ገደማ። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ሕንፃ ከሕንፃ እጅግ ከመቀራረቡ የተነሳ በቀን መብራት ይበራል፤ በመስኮት እጅ ዘርግቶ ከጎረቤት ሕንፃ ጨው መበደር ይቻላል። ውሃ በቧንቧ የሚመጣው በተራ ነው፤ ሳይመጣ ሲቀር ቢጫ ጀሪካን በጋሪ የሚያዞሩ ወጣቶች አሉ፣ ፎቅ ድረስ ለሚያደርሱበት ተጨማሪ ያስከፍላሉ። የጉድጓዱ ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ለሻይ አይሆንም። ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ከእያንዳንዱ በር ሰው እየወጣ መንገዱን ይሞላዋል፤ አብዛኛው ወደ ኢንዱስትሪው አካባቢ በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ለማታቱ የሚከፍለውን ለልጆቹ ዳቦ ለማትረፍ። ናይሮቢን የሚያንቀሳቅሳት ይህ ሰው ነው፤ ከሳፋሪ ማስታወቂያ ላይ ካለው አንበሳ ይልቅ እሱን ቢያዩት ከተማዋን ያወቁ ያህል ነው።

አደጋም ከኢምባካሲ ጋር አብሮ ይኖራል። በ2024 የካቲት 1 ሌሊት፣ ኢምባካሲ ምራዲ በሚባለው ቦታ ጋዝ የጫነ መኪና ፈንድቶ ሰዎች ሞቱ፣ ከ200 በላይ ቆሰሉ፤ ሰማዩ ቀልቶ ሲታይ ፌዳ ድረስ መስኮታችን ተንቀጠቀጠ። በኅዳር 2021 ደግሞ ሙኩሩ ክዋ ንጄንጋ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ለመንገድ ተብሎ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ፈርሰው ሰው በዝናብ ሜዳ ላይ አደረ። ጋዝ መሙያ ከመኖሪያ ጎን እንዲቆም የሚፈቅድ፣ ሰው ተኝቶ እያለ ግሬደር የሚልክ አሠራር እስካለ ድረስ የፓይፕላይንና የሙኩሩ ሰው እንቅልፍ የለውም።

አሁን ወደ ወገኖቼ ልመለስ። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ሞያሌን አቋርጦ ናይሮቢ የገባው ስደተኛ ስንት ነው! በ1980ዎቹ ቲካ ከተማ በነበረው የስደተኞች መቀበያ ያለፉ ተማሪዎች ነበሩ። በግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ራሳቸው በናይሮቢ በኩል ወደ ሐራሬ ሄዱ፤ በተከታዮቹ ሳምንታት ደግሞ ሠራዊታቸው በእግሩ ድንበር ተሻገረ። መጀመሪያ ዋልዳ ካምፕ ሰፈሩ፣ ዋልዳ ሲዘጋ በ1993 ወደ ካኩማ ካምፕ ተወሰዱ። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ዓመታት ጠብቀው ሦስተኛ አገር ሲያገኙ የተሸኙት ከኢምባካሲ ነው። በመነሻ አዳራሹ ውስጥ ታውቋቸዋላችሁ፤ የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ምልክት ያለበትን ነጭ የላስቲክ ቦርሳ በደረታቸው አቅፈው፣ በረድፍ ተቀምጠው። ቦርሳው ውስጥ የሕክምናው ወረቀትና የሳንባ ፎቶ አለ፤ ከእጅ አይለይም። ካናዳ ከ1978 ጀምሮ ተራ ዜጎቿና ቤተ ክርስቲያኖቿ ስደተኛ ተቀብለው እንዲያቋቁሙ ስለፈቀደች፣ ብዙዎቹ ስሟን ሰምተው ወደማያውቋት የካናዳ ትንሽ ከተማ ነው የሄዱት። ዛሬ ለልጆቻቸው ስለ አዲስ አበባና ስለ ካኩማ ያወራሉ፤ በመካከል ያለችውን ኢምባካሲን ያነሳ ግን አልገጠመኝም።

ሌላ መንገድም አለ፤ ስለ እሱ ስጽፍ ልቤ ይከብዳል። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከአካባቢው ገጠር የሚነሱ ልጆች ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ በሞያሌ በኩል ይመጣሉ። ፓስፖርት ቢይዙ በግልጽ በር መግባት በቻሉ ነበር፤ ደላላው ግን ጫካውን ያሳያቸዋል። ናይሮቢ ሲደርሱ ወደ ታንዛኒያ የሚያሻግር መኪና እስኪገኝ በምሥራቅ ሰፈሮች ቤት ውስጥ ይቆለፍባቸዋል። ፖሊስ ደርሶባቸው ሲያስወጣቸው በኬንያ ቴሌቪዥን ይታያሉ፣ መሬት ላይ ተደርድረው። ለማስተርጎም ተጠርቼ ያየሁት አንድ ልጅ የደላላውን ስልክ ቁጥር በቀበቶው ውስጠኛ ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎት ነበር፤ ላብ ሁለቱን አኃዝ አጥፍቶበታል። የት እንዳለ ጠየቀኝ። ኢምባካሲ አልኩት። ስሙን ሰምቶ አያውቅም፤ ደርባን የደረሰ መስሎት ነበር። ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ ምን እንደሚመስል በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ ታይቷል፤ በአንድ የጭነት ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በጥቅምት 2022 ማላዊ ምዚምባ ጫካ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተቆፈረ፤ እነሱም የእኛ ልጆች ነበሩ። በሞያሌ በኩል ልጁን የሚልክ አባት ይህን ካነበበ ከደላላው ቃል ይልቅ እነዚህን ሁለት ስፍራዎች ያስብ።

የቦሌና የኢምባካሲ የአየር መንገድም የራሱ ሐዘን አለው። በኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. በረራ 961 ከአዲስ አበባ ተነስቶ መጀመሪያ ማረፊያው ናይሮቢ ነበር። ጠላፊዎች ወደ አውስትራሊያ ካልሄድን አሉ፤ ነዳጅ እንደማይበቃ ካፒቴን ልዑል አባተ ቢነግራቸውም አልሰሙትም። አውሮፕላኑ ኮሞሮስ ደሴት ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ175 ሰዎች 125 ሞቱ፣ በአብራሪዎቹ ብርታት 50 ተረፉ። ከሞቱት መካከል ወደ ቤቱ ወደ ናይሮቢ ሲመለስ የነበረው መሐመድ አሚን ነበር። በ1984 ጥቅምት የኮረምን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ካሜራማን እሱ ነው። በ1991 ሰኔ ደግሞ አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጥቷል፣ የድምፅ ባለሙያው አጠገቡ ሞቷል። በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራ ይዞ ሥራውን ቀጠለ። የኢትዮጵያን ስቃይ የእሱን ያህል ለዓለም ያሳየ የውጭ ሰው ጥቂት ነው፤ ሕይወቱም ያለፈው ከእኛ ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

ከዚያ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ። በረራ 302 ከቦሌ በ2 ሰዓት ከ38 ተነሳ፤ ናይሮቢ በ4 ሰዓት ከ25 ይጠበቅ ነበር። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ቱሉ ፈራ ላይ ወደቀ። 157 ሰው፣ 35 ዜግነት። ከሁሉም የበዙት ኬንያውያን ነበሩ፣ 32፤ ከእነሱ ቀጥሎ ካናዳውያን፣ 18። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው አባቱ ኢትዮጵያዊ እናቱ ኬንያዊት ናቸው፤ በረራው ለእሱ ከአንዱ ቤቱ ወደ ሌላው ቤቱ ነበር። ያን ጠዋት መቀበያው ላይ የቆሙትን ቤተሰቦች አየሁ። አበባ የያዘች ሴት ነበረች። የበረራ ሰሌዳው ላይ ለውጥ ስለሌለ ሰው እርስ በርሱ ይጠያየቅ ነበር፤ ዜናውን ብዙዎቹ የሰሙት ከስልካቸው ነው። ማታ ፌዳ ስመለስ ምዜ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ እኔን ለማጽናናት ነው የቆሙት፤ የእሳቸው አገር ሰው ይበልጥ ሞቶ ሳለ። ግቢው ውስጥ ወንበር አወጡ፣ ጎረቤቶችም መጡ፣ እንደ እኛ ለቅሶ ዝም ብለው አብረውኝ ተቀመጡ። አውሮፕላኑ የወደቀው ቦይንግ 737 ማክስ ላይ በነበረው ጉድለት እንደሆነ በኋላ ታወቀ፤ ዓለም ሁሉ ያን ዓይነት አውሮፕላን ከበረራ አወረደ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ኢምባካሲን የሰው አገር ብዬ አላውቅም።

በአማርኛ ስለ ኢምባካሲ የተጻፈ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአሮጌው ተርሚናል ያለፉ ኢትዮጵያውያን ግን ዛሬም በሕይወት አሉ፤ የአየር መንገዳችን ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ ነጋዴዎች። በመጀመሪያው ጄት የበረሩ፣ በቲካና በዋልዳ በኩል የመጡ፣ ነጩን ቦርሳ አቅፈው የተሸኙ አሉ። አደራ የምለው ለእናንተ ነው፤ ያያችሁትን ጻፉ፣ መጻፍ የማትችሉ ለልጆቻችሁ ተናገሩና ያስቀርጹት። አሮጌው ተርሚናል በእናንተ ጊዜ ምን ይመስል ነበር? ከበሩ ስትወጡ ማን ተቀበላችሁ? ፎቶ ካላችሁ ከጀርባው ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት፤ ቦታውንም «ናይሮቢ» ብቻ አትበሉ፣ «ኢምባካሲ» በሉት።